ሞቷል የተባለው ቡላ

ዴሊያ ቮዴናል በሀገሯ ንግሥት ነበረች። በኔብራስካ አሸዋማ ኮረብቶች መሀል ባለች አንዲት ወረዳ፣ ባርኔጣዋ ላይ የብር ዘውድ የታሰረላት፣ በበዓል ሰልፍ ከእሳት አደጋ መኪናው ፊት ለፊት የምትጋልብ፣ ሕፃናት ፊርማ የሚለምኗት፣ ሮዲዮ የሚባለው የፈረስ ግልቢያ ውድድር ንግሥት እሷ ነበረች። በዋዮሚንግ ካልዌል ፎርክ ከተማ ወደሚደረገው ታላቅ ሮዲዮ በእንግድነት ተጠርታ የሄደች ዕለት ግን፣ ገና ከመኪና እንደወረደች፣ በፈረሶቹ ጋጣ ጥላ ሥር ሃያ የሚሆኑ ዘውድ የደፉ ንግሥቶች ቆመው ለስላሳ ሲጠጡ አየች።

«ወይ ጉድ!» አለች። «እኔ እኮ ንግሥት ሲባል አንድ ብቻ መስሎኝ!»

«በይ አንገትሽን ቀና አድርጊ» አለቻት ዶቲ። «አፍሽንም ግጠሚ። ዝንብ ይገባበታል።»

ዶቲ ሀንራሃን ወረዳው ንግሥቲቱን እንድትጠብቅ አብሯት የላካት ሴትዮ ናት። በወጣትነቷ እሷም ዘውድ ደፍታ ነበር። አሁን ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት በፈረስ ፋንታ መኪና ነው የምትነዳው፤ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ነው። የዴሊያን ሸሚዝ በእንፋሎት ካውያ የምትተኩሰው፣ ፀጉሯን በፀጉር ማድረቂያ ሽቅብ የምትከምረው፣ ስትኮራ የምታበርዳት፣ ስትፈራ የምትሳደባት እሷ ናት።

በሀገራቸው ሮዲዮ ሲደረግ ግማሹ ሰው ጭነት መኪናው ላይ ተቀምጦ ነው የሚያየው። እዚህ ግን መቀመጫው እንደ ገደል ሽቅብ የተቆለለ ነው፤ ከላይ ያለው ሰው ፊቱ አይለይም። የመክፈቻው ግልቢያ ሲጀመር ዴሊያ በውሰት የተሰጣትን ዳማ ባዝራ ኮልኩላ፣ የወረዳዋን ባንዲራ ከፍ አድርጋ ስትገባ፣ የሕዝቡ ጩኸት ደረቷን እንደ ከበሮ መታው። ቢሆንም አልተሳሳተችም። ሜዳውን በሽምጥ ዞረች፣ ባንዲራዋን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠች፣ ባዝራዋንም በተባለው ቦታ ቀጥ አድርጋ አቆመች። ፈረስ ላይ ስትሆን ፍርሃት የሚባል ነገር አያውቃትም። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት።

ከመክፈቻው በኋላ እንግዶቹ ንግሥቶች ከአመፀኛ ፈረሶቹ መልቀቂያ በሮች አጠገብ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆመው እንዲያዩ ተደረገ። አመፀኛ ፈረስ ማለት ሰው ሲቀመጥበት እስኪጥለው ድረስ የሚፈናጠር፣ ለዚሁ ሥራ የሚቀለብ ፈረስ ነው። ጋላቢው ስምንት ሴኮንድ ላዩ ላይ ከቆየ ጀግና ይባላል። ብዙዎቹ አይቆዩም።

«አሁን ደግሞ በሦስተኛው በር!» አለ አስተዋዋቂው በድምፅ ማጉያ። «ከአልበርታ የመጣው ታይ ሊንድግሬን፣ የእሁድ ስብከት በተባለው ፈረስ ላይ! ስሙ ለምን እንዲህ እንደሆነ ገብቷችኋል አይደል? የወጣበት ሁሉ መጨረሻው መንበርከክ ነው!»

ሕዝቡ ሳቀ። በሩ ተከፈተ። አንድ ቡላ ፈረስ ጎንበስ ብሎ ወጣና አየር ላይ ተጣመመ። ከአልበርታ የመጣው ልጅ ሁለት ዝላይ ብቻ ነው ኮርቻው ላይ የቆየው። በሦስተኛው ባርኔጣው ለብቻው፣ እሱም ለብቻው በረሩ። ልጁ በጉልበቱ አረፈ፣ ሕዝቡም በሳቅ ፈነዳ።

ዴሊያ ግን አልሳቀችም።

ፈረሱ ጋላቢውን ከጣለ በኋላ ወዲያው ረጋ አለ። የወደቀ የሚያነሱት ፈረሰኞች መጥተው በሽንጡ ላይ የታሰረውን ጠፍር ሲፈቱለት ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ሶምሶማ ጀመረ። በዴሊያ ፊት ሲያልፍ የላይኛውን ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ፣ ጥርሱን አሳይቶ፣ አየሩን አሸተተ። ግንባሩ ላይ የሕፃን ጓንት የሚመስል ነጭ ምልክት አለው። የግራ ጆሮው ጫፍ የተቀደደ ነው። በግራ ታፋው ላይ ደግሞ በእሳት የተተኮሰ ምልክት አለ፤ የተገለበጠ እርካብ። በዓለም ላይ ከብቱንና ፈረሱን በተገለበጠ እርካብ የሚተኩስ አንድ ሰው ብቻ ታውቃለች፣ እሱም አባቷ ነው።

«ብስኩት» አለች።

«ምን አልሽ?» አለች ዶቲ።

«ብስኩት ነው። ዶቲ፣ ብስኩት ነው! የኔ ፈረስ!»

አጥሩን በሁለት እጇ ጨበጠች። ብስኩት ሞቷል። በአሥራ ሁለት ዓመቷ፣ ከድርቆሽ ቤቱ ሰገነት ወድቃ ሆስፒታል በተኛችበት ሰሞን፣ በሆድ ቁርጠት ሞተ ተብሎ ተነግሯታል። ከሆስፒታል ወጥታ ለአንድ ወር ያህል አልቅሳለታለች። አባቷ የቀበርኩት እዚህ ነው ያላት ቦታ ላይ በየዓመቱ የዱር አበባ ታስቀምጥ ነበር።

ዞር ብላ ዶቲን አየቻት። የዶቲ ፊት አመድ መስሏል።

«ነይ ወደ መኪናው እንሂድ» አለች ክንዷን ይዛ። «ፀሐይ ነው የመታሽ።»

«ፀሐይ አይደለም! የአባዬ ምልክት አለበት!»

ዴሊያ ባርኔጣዋ ከራሷ ላይ እንዳይወድቅ ይዛ፣ በሚያብረቀርቅ ጫማዋ የፈረስ ፋንድያ እየረገጠች ወደ ኋላ ወዳሉት በረቶች ሮጠች። ዶቲም እያነከሰች ስሟን እየጠራች ተከተለቻት።

የአመፀኛ ፈረሶቹ ባለቤት አይሪስ ተርንቦ የምትባል ቀጭን ሽማግሌ ሴት ናት። የወንድ ሸሚዝ ለብሳ፣ የጥርስ እንጨት እያኘከች፣ በረቱን ተደግፋ ቆማ ነበር። ቡላው ፈረስ ከአጥሩ ወዲያ ድርቆሹን ይበላል። ዴሊያ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«ይቅርታ፣ እሜቴ። ይህ ፈረስ... ይህን ፈረስ ከየት አገኙት?»

አይሪስ ዘውዷንም ጫማዋንም አየት አደረገች። «ንግሥት ሆይ፣ ጫማሽን አበላሸሽው እኮ» አለች። «የእሁድ ስብከት ማረከሽ መሰለኝ። ከኔብራስካ ነው የመጣው። በነፃ ነው ያገኘሁት ብልሽ ታምኛለሽ?»

«ማን ሰጠዎት?»

«አንድ ምስኪን ሰውዬ። ጎህ ሲቀድ በተጎታች ጭኖ አመጣልኝ። ፊቱን ብታዪው! ያለቀሰ ሰው ፊት ነው። ይህ ፈረስ ሴት ልጁን አጥር ላይ ፈጥፍጧት ነበር። እግሯ እርካቡ ውስጥ ተጠምዶ፣ ግማሽ ግጦሽ መሬት ጎትቷታል አለኝ። የራስ ቅሏ ተሰንጥቆ፣ ትነቃ አትነቃ ሐኪሞቹም አያውቁም ነበር። ሚስቲቱ ግደልልኝ አለችው። እሱ ደግሞ አልሆነልኝም አለ። ጠመንጃውን አንስቼ ዓይኑን አየሁት፣ እሱ ምን ያውቃል፣ አለኝ። ከዚያች ቀን በኋላ ፈረሱ የኮርቻ ጠፍር ሆዱን በነካው ቁጥር ያብዳል። ጠፍር ከሌለበት ግን በግ ነው። ታዲያ እኔ ዘንድ ካልሆነ የት ይኖራል?»

የዴሊያ እጅ ያለ ፈቃዷ ተነስቶ፣ ከተከመረው ፀጉሯ ሥር ገብቶ፣ ከአንገቷ በላይ ያለውን ረጅም ጠባሳ ዳሰሰ። ይህን ጠባሳ ከሰገነት ስትወድቅ ያገኘችው ነው ብለዋታል። እሷ ስለዚያች ቀን የምታስታውሰው ነገር የለም። ጠዋት ቁርስ በላች፤ ቀጥሎ የምታስታውሰው የሆስፒታል ጣሪያ ነው።

«ልጅቷስ?» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም።

አይሪስ የጥርስ እንጨቱን ከአፏ አወጣች። «አልጠየቅሁም» አለች ዝቅ ብላ። «እውነቱን ልንገርሽ? ፈራሁ። ሞተች ቢሉኝ ይህን ፈረስ በየቀኑ እንዴት አድርጌ አየዋለሁ?»

ዴሊያ ባርኔጣዋን ከነዘውዱ አወለቀች። ዶቲ አንድ ሙሉ ጣሳ ቅባት የጨረሰችበትን ፀጉር በሁለት እጇ ከፈለችና ጀርባዋን ለአይሪስ ሰጠች።

ሽማግሌዋ ጠባሳውን በጣቷ ነካችው። ከዚያ የበረቱን እንጨት ይዛ ቀስ ብላ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። «አምላኬ!» አለች። «አምላኬ፣ አምላኬ! ነቅተሻል!»

ዴሊያ ግን አይሪስን አልሰማቻትም። ዶቲን እያየች ነበር። ዶቲ ከአጥሩ አጠገብ ቆማ፣ መሀረቧን አፏ ላይ ጭና ታለቅሳለች። አልደነገጠችም። ዴሊያን ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጣት ይህ ነው፤ ዶቲ ታለቅሳለች እንጂ የሰማችው ነገር አዲስ አልሆነባትም።

«ታውቂ ነበር» አለች ዴሊያ።

«ፈረሱ በሕይወት እንዳለ አላውቅም ነበር! በእናቴ እምላለሁ! ሞቷል ብዬ ነው እኔም—»

«ስለ እኔ። የሆንኩትን ታውቂ ነበር።»

ዶቲ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«የኔ ልጅ...»

«ማን ያውቃል፣ ዶቲ?»

«ሁሉም» አለች ዶቲ። «ወረዳው በሙሉ። አባትሽ እሁድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተነስቶ ለመነን። ምንም አታስታውስም፣ ፈረስ ከሌላት ደግሞ ትሞታለች፣ እባካችሁ ማንም እንዳይነግራት አለ። ማን እምቢ ይላል? ሕፃናቱ ሳይቀሩ ዝም አሉ።»

ዴሊያ ያን ጊዜ አንድ በአንድ ታያት። ዘውድ የደፋችበት ቀን ፈረሷ ላይ ስትወጣ ሕዝቡ ድንገት ጸጥ ያለው፣ ከዚያ ከመጠን በላይ ያጨበጨበው። ስትጋልብ ባያት ቁጥር ባርኔጣውን አውልቆ የሚቆመው የመኖ ሻጩ ሽማግሌ። እናቷ ደግሞ፣ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጣ አይታት የማታውቀው እናቷ፤ ሁልጊዜ ከሮዲዮው ወጥ ቤት ውስጥ ፓይ የተባለውን የፍራፍሬ ኬክ ስትጋግር የምትውለው። አቧራ ስለማትወድ ነው ብላ ነበር የምታስበው። ለካ በጋለበች ቁጥር ወረዳው በሙሉ ትንፋሹን ውጦ ኖሯል። የማታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ስልኳን አወጣችና ደወለች።

አባቷ ቨርን ጆሮው ስለደከመ ስልክ ሲያነሳ ሁልጊዜ ድምፅ ማጉያው ላይ ነው የሚያደርገው። ምሳ ላይ ነበሩ፤ የሳህን ድምፅ ይሰማል።

«ንግሥቲቱ ናት!» አለ። «እህሳ፣ እንዴት ነው ዋዮሚንግ? ጉድ አሰኘሻቸው?»

«አባዬ፣ ብስኩት በምን ነበር የሞተው?»

የሳህኑ ድምፅ ቆመ።

«በሆድ ቁርጠት ነው ያልኩሽ... ምነው ዛሬ እሱን አነሳሽ?»

«ፊት ለፊቴ ቆሟል። ድርቆሽ እየበላ ነው።»

ከሩቅ፣ ከምድጃው በኩል፣ የእናቷ የሮክሳን ድምፅ መጣ። ቀስ ያለ፣ የሚያስፈራ ድምፅ።

«ቨርን፣ ገደልኩት ብለኸኝ ነበር። ተኩሱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ወደ ሰማይ ነው የተኮስኩት» አለ አባቷ።

አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ። ስልኩም ተቋረጠ።

ዴሊያ ስልኩን ይዛ ቆመች። ቡላው ፈረስ ድርቆሹን ጨርሶ ወደ አጥሩ መጣ። እጇን ዘረጋችለት፤ መዳፏን አሸተተ። ያወቃት ይሁን፣ ወይስ ስኳር የያዘች መስሎት ይሁን፣ ለማወቅ አልቻለችም። ባዶ መሆኗን ሲያይ ትቷት ሄደ።

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ወላጆቿ ደረሱ። ሰባት ሰዓት ሙሉ በአንድ መኪና ሲመጡ አንድ ቃል እንዳልተነጋገሩ ፊታቸው ይናገራል። አባቷ ወርዶ በሩን ይዞ ቆመ፤ ትልቁ ሰውዬ በአንድ ሌሊት ያነሰ ይመስላል። እናቷ የወጥ ቤት ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ነው የመጣችው።

«የት ነው?» አለች።

ዴሊያ ወሰደቻት። ሮክሳን በረቱ ፊት ቆማ እጇን አጣጥፋ ፈረሱን አየችው። ፈረሱም አያት። ጀርባው ጎብጧል፣ ዓይኑ ሥር ፀጉሩ ሸብቷል።

«እስከ ዛሬ በህልሜ እያየሁት እባንናለሁ» አለች እናቷ። «በህልሜ ግን ትልቅ ነበር። እንደ ቤት ያክል ነበር። ይሄ ሽማግሌ ነው እንዴ?»

«እማዬ፣ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እኔ እንድትነገሪ ነበር የፈለግሁት። ብትፈሪ፣ ብትተዪው ደስ ይለኝ ነበር። አባትሽ ግን በአልጋሽ ራስጌ ተንበርክኮ ለመነኝ። ስትነቂ መጀመሪያ ያልሽው ቃል ብስኩትን ማን አበላው የሚል ነበር።» ዓይኗን ጠረገች። «ከዚያ ወዲያ ምን እበልሽ?»

አባቷ ከኋላ መጥቶ ቆሞ ኖሯል። «ቆርቆሮ ነው» አለ። ማንም ሳይጠይቀው ነበር የጀመረው። «ከጎተራው ጣሪያ ንፋስ ቆርቆሮ ገንጥሎ በእግሩ ሥር ጣለበትና በረገገ። ያንን ጣሪያ እንድጠግነው እናትሽ ስንት ጊዜ ነግራኝ ነበር። ፈረሱ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱን ለሌላ ሰጥቼ፣ እሱን ገድዬ፣ እንዴት አድርጌ እኖራለሁ?»

ዴሊያ ልትጮህበት ነበር የተዘጋጀችው። ሌሊቱን ሙሉ ስታሰናዳው ያደረችው ስድብ ነበራት። አፏን ስትከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው። «ባዶ መሬት ላይ ነዋ አበባ ሳስቀምጥ የኖርኩት፣ አባዬ!»

«ባዶ አይደለም» አለ ቨርን አንገቱን ደፍቶ። «ኮርቻውን ቀብሬዋለሁ።»

ይህን ጊዜ ሮክሳን፣ ከንዴቷም ከለቅሶዋም መካከል፣ ሳታስበው ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ስለ ሳቀች ተናደደችና ባሏን በክንዷ ደሰቀችው።

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ቀን ግልቢያ ነበር። ንግሥቶቹ በየፈረሶቻቸው ላይ ወጥተው ተሰልፈዋል። ዴሊያ ከዳማዋ ባዝራ አጠገብ ቆመች፣ ልጓሙን ያዘች፣ እግሯን ወደ እርካቡ አነሳች። እግሯ አልሄደም። ድጋሚ ሞከረች፤ አሁንም እምቢ አለ። በሕይወቷ ሙሉ የማታውቀው ፍርሃት በአንድ ጊዜ መጣባት። ባዝራዋ ምን ሆነሽ በሚል ዓይን ዞር ብላ አየቻት።

«ተዪው» አለቻት ዶቲ በሹክሹክታ። «አሞኛል በዪ። ማንም አይፈርድብሽም።»

እናቷ ከአጥሩ ወዲያ ሆና ታይ ነበር። ሽርጧን ለቨርን አቀበለችው፣ በእንጨቶቹ መካከል ሾልካ ገባች፣ መጥታም እርካቡን በሁለት እጇ ያዘች።

«እማዬ፣ አልችልም።»

«አየሁሽ እኮ። እኔም አልችልም።» ቀና ብላ አየቻት። «ግን እስከ ዛሬ አንድም ቀን ስትጋልቢ አላየሁሽም። ሰው ሁሉ ስትጋልብ ብታዪያት ይለኛል፣ እኔ ፓይ እጋግራለሁ። ዛሬ ልይሽ። ቀስ ብለሽ ሂጂ፣ ከፈለግሽ በእርምጃ ሂጂ። ውጪ።»

ዴሊያ ወጣች። ሌሎቹ ንግሥቶች በሽምጥ ሲበሩ እሷ በሶምሶማ፣ ከሰልፉ ሁሉ ኋላ ቀርታ፣ ባንዲራዋን አጣማ ይዛ ዞረች። አስተዋዋቂው «የኔብራስካዋ እንግዳችን መልከዓ ምድሩን እያደነቀች ነው!» ብሎ ቀለደባት፣ ሕዝቡም ሳቀ። እሷ ሳቁን አልሰማችም። የሰማችው የባዝራዋን ትንፋሽና የገዛ ልቧን ምት ብቻ ነው። በአጥሩ ዳር ስታልፍ እናቷ ሁለት እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ሳትጨፍን እያየቻት ነበር።

ብስኩትን ይዘው አልሄዱም። አይሪስ ውሰዱት ብላቸው ነበር፤ ዴሊያ ግን እምቢ አለች። ጓደኞቹ እዚያ ናቸው፣ ሥራውም እዚያ ነው። አይሪስ ሲደክመው ድርቆሽ አላሳጣውም ብላ እጇን ጨብጣ ቃል ገባችላት።

ከተመለሰች በኋላ አንድ ቀን ዴሊያ መኖ ልትገዛ ሄደች። ወሬው ቀድሟት ደርሷል፤ በሩን ስትከፍት ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ሽማግሌው መኖ ሻጭ ሃርላን ስቶልትዝ እንደ ልማዱ ባርኔጣውን አወለቀ። ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል።

«አቶ ስቶልትዝ» አለች ዴሊያ፣ «የዚያን ዕለት ከመሬት ያነሳኝ ማን ነበር?»

ሽማግሌው ባርኔጣውን ማሽከርከሩን ተወ። ከዚያ እጁን እንደ ተማሪ ግማሽ ድረስ አነሳ።

ዴሊያ ከመኖ ጆንያዎቹ አንዱ ላይ ተቀመጠች። «ይንገሩኝ» አለች። «ከመጀመሪያው።»

እሱም ወንበሩን ሳበና ነገራት። የጎደለውን ከጀርባ የቆሙት ሰዎች እየሞሉ፣ አንዱ አንዱን እያረመ፣ ያቺን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰጧት።